ጎርፍ ያለ ተቀባይ አይለቀቅ

የደቡብ ወሎዋ መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከእሷ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ደጋው ያበቃና መሬቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዐባይ ላይ ያርፋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በከተማዋ ጣሪያና መንገድ ላይ የሚጥለው ዝናብ፣ በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላና በሳይንት ማሳዎች ላይ ከሚጥለው ጋር እየተቀላቀለ ያን ቁልቁለት በጥቂት ጊዜ ይጨርሰዋል። ባዶውንም አይወርድም። በበጋ የታረሰውን፣ በሰኔ የተዘራበትን አፈር ተሸክሞ ነው የሚወርደው።

ስለ አፈሩ መታጠብ፣ ስለ ደኑ መመናመን፣ ስለ እርከኑ ጥቅም በየስብሰባው ብዙ ይነገራል። እምብዛም የማይነሳው ጥያቄ፣ ውኃው ከጣሪያ ወርዶ ወንዝ እስኪገባ ድረስ ኃላፊነቱ የማን ነው የሚለው ነው። አጥር ካለፈ ባለቤቱ አይጠየቅበትም። መንገድ ዳር ቦይ ሲገባ የማዘጋጃ ቤቱ ይሆናል፤ ከከተማው ክልል ሲወጣ ግን ማዘጋጃ ቤቱ አይከተለውም። ማሳ ላይ ሲደርስ ገበሬው እህሉ እንዳይሰምጥበት ቶሎ ወደ ጎረቤቱ ያሳልፈዋል። ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ጠያቂም ተጠያቂም የለውም። ለዚህ አገር የሚያስፈልገው ደንብ ከዚህ ክፍተት ይነሳል ብዬ አምናለሁ፤ ገበሬም ይሁን ነዋሪ፣ መሥሪያ ቤትም ይሁን የመንገድ ሥራ ተቋራጭ፣ ውኃን ከይዞታው ሲያስወጣ ተቀባዩ አስቀድሞ መታወቅ፣ መስማማትና መውረጃው መሠራት አለበት።

በሕግ ረገድ ባዶ ሜዳ ላይ አይደለንም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ስለ ውኃ ዳርቻ ራሱን የቻለ ድንጋጌ አለው። የሚመለከተው አካል የተወሰኑ የውኃ አካላትን ዳርቻ መከለል፣ በተከለለው ውስጥ ዛፍና ዕፅዋት መቁረጥን እንዲሁም መኖሪያ ቤት መሥራትን መከልከል ይችላል። ከተማ ወይም መንደር ከመመሥረቱ በፊትም ከጎርፍ የሚመጣ ጉዳት እንዳይደርስ የባለሙያ ምክር እንዲጠየቅ ይላል። በ1997 የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ ተዳፋቱን በፐርሰንት ከፋፍሎ፣ ከ60 በመቶ በላይ ያጋደለ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት እርከን ተሠርቶለት ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። በላይኛውና በታችኛው ተፋሰስ ነዋሪዎች መካከል ፍትሐዊ የውኃ አጠቃቀም እንዲኖርም አዟል። ይህ አዋጅ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። የአማራ ክልልም በ2009 ያሻሻለው የራሱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 አለው። በ2012 ደግሞ የተፋሰስ ተጠቃሚ ማኅበረሰቦች በሕግ የሚታወቁበትን መንገድ የሚከፍት አዋጅ ቁጥር 1223 በፌዴራል ደረጃ ወጥቷል።

እነዚህን አዋጆች ደርድሮ ላየ ሰው የጎደለው ወረቀት አይደለም። ችግሩ የዳርቻ ሕግ የሚለካው ከወንዙ ወደ ላይ መሆኑ ነው። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ደንብ ከትላልቅ ወንዞች ዳር 100 ሜትር፣ ከትላልቅ ሐይቆች ዳር 200 ሜትር ጥብቅ አድርጋለች። በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ሕግ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ 1,000 ጫማ የሚደርሰውን መሬት ለይታ፣ ከውኃው ጠርዝ 100 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ገደማ፣ በዕፅዋት ተሸፍኖ እንዲቀር አድርጋለች። ለጥ ባለ አገር ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ጎርፉ ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ደለሉን ይጥላል፣ ከፊሉም ይሰርጋል። ለጣና፣ ለሐይቅና ለአርዲቦ ሐይቆች ይህንኑ ዓይነት ቀበቶ አጥብቄ እደግፋለሁ።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ግን የዐባይ ዳርቻ በረሃ ነው። እዚያ ቤት የሚሠራ፣ አጥር የሚያጥር ሰው ጥቂት ነው። ዐባይን የሚያደፈርሰው ውኃ ጉልበቱን ያገኘው ዳርቻው ላይ ሳይሆን በብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ደጋው ላይ ነው። ከወንዙ 30 ሜትርም ሆነ 100 ሜትር ብንከልል ያ ውኃ አፈሩን ጭኖ፣ ቦረቦሩን ቆፍሮ ከጨረሰ በኋላ ነው የምናገኘው። እዚህ አገር ጥበቃ የሚያሻው ዳርቻ የቦረቦሩ ራስ ነው፤ ውኃው ከማሳ ወደ ገደል የሚዘልበት ከንፈር።

ቦረቦር የሚያድገው ወደ ላይ ነው። ውኃው ከአፋፉ ወርዶ እግሩን ይመታል፤ እግሩ ሲቦረቦር ከላይ ያለው አፈር ድጋፍ ያጣና ይናዳል፤ አፋፉ አንድ እርምጃ ወደ ማሳው ይጠጋል። በሚቀጥለው ዝናብ ደግሞ ይደገማል። ዘንድሮ ከታች የነበረ ገደል ከጥቂት ክረምት በኋላ በረት ጥግ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህም ቦረቦሩ ውስጥ ክትር መሥራትና ችግኝ መትከል ብቻውን አይበቃም። ከላይ የሚገባው ውኃ ካልተቀለበሰ ወይም ካልተገታ፣ በበጋ በጉልበት የተካበው ክትር በአንድ የሐምሌ ጎርፍ ከነድንጋዩ ይሄዳል። ጋቢዮን የታሰረበት እንኳ ውኃው በጎን በኩል ዞሮ ሌላ መንገድ ሲከፍት ይታያል።

ወደ ማሳው እንመለስ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። በብዙ የአማራ አካባቢ ገበሬው ዘርቶ ሲጨርስ በማረሻው ከሌሎቹ ትልሞች ጠለቅ ያለ፣ ማሳውን አግድም አዝምሞ የሚያቋርጥ ትልም ያወጣል። ፈሰስ ይለዋል። ከማሳው በላይ የሚመጣውን ውኃና በማሳው ላይ የሚጠራቀመውን ሰብስቦ ወደ ዳር የሚያወጣ ነው። ፈሰስን በጅምላ የሚያወግዙ ባለሙያዎች አጋጥመውኛል፤ አልስማማም። ዋልካ አፈር ላይ፣ በተለይ በጃማና በወረኢሉ ሜዳዎች፣ ክረምት ላይ ውኃ ያላወጣ ገበሬ ጤፉም ስንዴውም ቢጫ ሆኖ ይቀርበታል። ውኃው ዋልካውን አልፎ አይሰርግም፤ ካልወጣ ይተኛል። በተዳፋት ላይ ያለውም ገበሬ ቢሆን ፈሰስ ካላወጣ ጎርፉ ማሳውን መሐል ለመሐል ሊሰነጥቅበት ይችላል። ገበሬው ያወቀበትን ነው የሚሠራው።

ጥበቡ ያለው አዘማመሙ ላይ ነው። ፈሰሱ ከለዘበ በደለል ይሞላና ውኃው ዘሎ ማሳውን ያጥለቀልቃል። ከሾለ ደግሞ ውኃው እየቆፈረ ይወርድና ራሱ ፈሰሱ ቦይ፣ ቦዩም ቦረቦር ይሆናል። የለመደ እጅ ይህን በዓይኑ ለክቶ ያውቀዋል፤ በበሬው አካሄድ ያስተካክለዋል። እጁ የማይደርስበት ግን የፈሰሱ ጫፍ ነው። ማሳው ሲያልቅ ፈሰሱም ያልቃል፤ ውኃው ግን አያልቅም። አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው በሁለት ባለይዞታዎች ወሰን ላይ ነው። የላይኛው ገበሬ ወደ ወሰኑ ይለቃል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ። የሁለቱ ውኃ ተደምሮ ወሰኑን ይቆፍራል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጀምሮ እስከ 1989ኙ የአማራ ክልል ሽግሽግ ድረስ በተደረገው ክፍፍል ማሳ እያነሰ ወሰን እየበዛ መጥቷል፤ ወሰን ሲበዛ የውኃ መውረጃም ይበዛል። በወሰን ጠብ የተነሳ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ገበሬ ክሱ ውስጥ «ገፋኝ» እንደሚለው ሁሉ «ውኃ ለቀቀብኝ» የሚለውም ጥቂት አይደለም።

መንግሥት በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ በዘመቻ የሚያሠራው እርከን የተነደፈው ውኃን ለመያዝ ነው። ጥሩ ነው። የአገራችን የአፈር መታጠብ ልክ የታወቀውም በዚሁ በወሎ ምድር ጭምር በተደረገ ልኬት ነው። ከደሴ በስተደቡብ በማይባር እ.ኤ.አ. በ1981 የተከፈተው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ፣ የስዊዙ ሐንስ ሁርኒ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ካቋቋሟቸው ጣቢያዎች የመጀመሪያው ነበር። ከእነዚያ ጣቢያዎች ልኬት ተነስተው ሁርኒ በአገር አቀፍ ደረጃ የገመቱት፣ ከእርሻ መሬት በዓመት በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚል ነው። ይህ በማሳው ላይ እኩል ቢዘረጋ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሆናል። በአንድ ዓመት ዓይን አያየውም። በአንድ ሰው ዕድሜ ግን ከጥቁር አፈር ወደ ነጭ ድንጋይ ያደርሳል።

እርከኑ ላይ ያለኝ ቅሬታ ማብቂያው ላይ ነው። ከልክ ያለፈ ዝናብ ሲመጣ እርከን ይሞላል። የተሞላ እርከን ውኃውን የሚሰጠው መውረጃ ከሌለው በሳሳው በኩል ይበጠሳል፤ የላይኛው ሲበጠስ የታችኛውን ይዞ ይወርዳል። በሣር የተሸፈነ፣ ሰፊና ጥልቀት የሌለው የጋራ መውረጃ መሠራት ያለበት አስቀድሞ ነው፤ እርከኑ የሚቀጠለው ከእሱ በኋላ ነው። በዘመቻው የሚቆጠረው ግን የተሠራው እርከን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ነው። መውረጃ በኪሎ ሜትር ሪፖርት አያምርም፤ መሬትም ይወስዳል። ስለዚህ ይዘለላል።

ደንቆሮ ጫካ ያለበትን የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ያየ ሰው ያልተነካ መሬት ዝናብን እንዴት እንደሚቀበል ያውቃል። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ስማቸው ይነሳል እንጂ፣ ለታችኛው ነዋሪ ትልቁ ሀብት ያ ሣርና ያ ጫካ ክረምቱን ጠጥቶ በጋውን ምንጭ የሚያፈልቅ መሆኑ ነው። ከፓርኩ ድንበር ወጣ ሲባል የሚታየው ተዳፋት ያንኑ ዝናብ ያገኛል፤ የሚያስቀረው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ መንገዱና ወደ ከተማው። መንገድ ሲሠራ በተዳፋት ላይ በየቦታው ተበታትኖ ይወርድ የነበረውን ውኃ የላይኛው ቦይ ይሰበስበዋል፤ ከዚያ በየተወሰነ ርቀት በቱቦ አሻግሮ በአንድ ነጥብ ይለቀዋል። በአሥር ቦታ ተከፋፍሎ ይወርድ የነበረ ውኃ በአንድ አፍ ይወጣል ማለት ነው። ከቱቦው አፍ በታች ያለውን ቦታ ቀርቦ ማየት ነው። መጀመሪያ የኮንክሪት ወይም የድንጋይ ንጣፍ አለ። ንጣፉ ባለቀበት ውኃው የቆፈረው ጉድጓድ፤ ከጉድጓዱ በታች የተከፈለ ማሳ። እነ ያን ኒሰን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የመቀሌ–አድዋ መንገድ ሲሠራ ከቱቦዎቹ በታች አዳዲስ ቦረቦሮች እንዴት እንደተፈጠሩ በዝርዝር አሳይተዋል። መንገዱ እንዳይጎዳ ሁሉም ነገር ተደርጎ ነበር፤ ማሳው እንዳይጎዳ ግን የተደረገ ነገር አልነበረም። የመንገድ ሥራው ኃላፊነት የሚያበቃው በመንገዱ ክልል ነው፤ ጉዳቱ የሚጀምረው ደግሞ ከዚያው ላይ ነው። ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚዘልቀው መንገድም ሆነ ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም፣ ወደ ጉንደወይን የሚሻገረው የሚያልፉት እንዲህ ባለ ተዳፋት ነው።

መፍትሔውን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። በትግራይ ከ2006 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከመንገድ የሚወጣውን ውኃ ወደ ኩሬ፣ ወደ ሠርጎ መግቢያ ጉድጓድና ወደ ማሳ የመምራት ሥራ በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ተሳትፎ በስፋት ተሠርቷል፤ ልምዱም ወደ አማራ ክልል ተሻግሮ ነበር። ያ ሥራ ያረጋገጠው ቀላል ነገር ነው፤ ከቱቦው በታች ያለው ገበሬ አስቀድሞ ከተጠየቀ ያንኑ ውኃ ለመስኖ፣ ለከብት፣ ለጉድጓድ ይፈልገዋል። ካልተጠየቀ ቱቦውን በድንጋይ ይደፍነዋል፤ ቱቦው ሲደፈን ደግሞ መንገዱ ይቆረጣል። ሁለቱም ወገን ከሰረ።

ከተማው ላይ ስሌቱ ለማንም ሰው ቅርብ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 4,000 ሊትር፣ ማለትም 20 በርሜል፣ በአንድ ከሰዓት ከአንድ ቤት ይወጣል። በሣር ክዳን ዘመን ከፊሉ እዚያው ይቀር፣ ግቢውም አፈር ስለነበር ይጠጣ ነበር። አሁን ቆርቆሮው ምንም አያስቀርም፤ ግቢው ሊሾ፣ መንገዱ ኮብልስቶን ሆኗል። ኮብልስቶን ጭቃን አስቀርቷል፣ ለወጣቱም ሥራ ፈጥሯል፤ ማንም ወደ ጭቃው እንመለስ አይልም። ግን ሲነጠፍ ከታች ላለው ገበሬ ስንት ውኃ እንደሚጨመርበት ተሰልቶ አያውቅም። ከዚያ ላይ ቦዩ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ሲደፈን ውኃው ያልተሠራለትን መንገድ ይፈልጋል።

በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ተፈጻሚ እንዲሆን የተደነገገው በዋናነት 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ነው። በየመንገዱ ዳር የሚበቅሉት ትናንሽ ከተሞች ከዚያ ውጭ ናቸው። እነሱ ናቸው ግን ገደል አፋፍ ላይ፣ ቀጥታ ከቦረቦር ራስ በላይ የሚቆረቆሩት። ዛሬ የቆርቆሮ ሠፈር የሆነው ነገ ባለ 10,000 ሰው ከተማ ሲሆን ቦረቦሩ ቀድሞ መሐሉ ደርሶ ይጠብቀዋል።

ጎርፍን የናቀ ከተማ ምን እንደሚገጥመው ድሬዳዋ በሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ አይታዋለች። የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ላይ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ሕይወት ወሰደ። ዝናቡ የጣለው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ላይ ነበር። በዞናችን ደሴና ኮምቦልቻም በቦርከና ተፋሰስ ውስጥ ያሉ የላይና የታች ከተሞች ናቸው። ደሴ ያልያዘችው ውኃና ቆሻሻ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ሁለቱ ከተሞች ግን በቦርከና ላይ በአንድ ጠረጴዛ የሚወስኑበት ሥርዓት ሊኖራቸው ሲገባ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዳርቻ ያስውባሉ። የኮሪደር ልማቱ ወደ ወንዝ ዳር መምጣቱን በበጎ አየዋለሁ። ግን ዳርቻውን በድንጋይ አጥሮ ውኃውን በፍጥነት ማሳለፍ ጎርፉን ለታችኛው ከተማ ማስተላለፍ ነው፤ ማስቀረት አይደለም።

ሐይቅ ላይ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባስፋፉት የእስጢፋኖስ ገዳም የሚታወቀው ሐይቅ፣ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና በጥልቁ ወደ 88 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት አለው። በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። የአርዲቦ ውኃ በአንቀርቃ ወንዝ በኩል ወደ እሱ ይገባል፤ የገባው ደለል፣ ማዳበሪያና ቆሻሻ ግን የሚወጣበት በር የለም። ለዐባይ ዳር ሰው ጎርፉ አልፎ ይሄዳል፤ ለሐይቅ ዳር ሰው እዚያው ይከማቻል። ስለዚህ እዚያ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ የማይታረስ የዳርቻ ቀበቶና የአንቀርቃ ተፋሰስ ሁሉ የሚገዛበት የውኃ መልቀቂያ ደንብ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቦ ሳለ እምቦጭ እንዲያ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ከተፋሰሱ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ መሆኑን አንርሳ።

ለዐባይም ቢሆን «አልፎ ይሄዳል» የሚለው ነገር አብቅቷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘውን ንጋት ሐይቅን ፈጥሯል። ከዚህ ቀደም ደለሉን የሚቆጥረው ሱዳን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የተጠናቀቀው የሮዛይርስ ግድብ ከሲሶ በላይ የመያዝ አቅሙን በደለል አጥቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ከፍታው እንዲጨመር ተደርጓል። ከአሁን በኋላ ከሳይንትና ከቦረና የሚታጠበው አፈር የሚያርፈው በራሳችን ሐይቅ ወለል ላይ ነው። ቦንድ የገዛው ገበሬ ራሱ የማሳውን አፈር ለዚያ ሐይቅ እየሰጠ ነው። የመብራት ኃይል ከሚያስገኘው ገቢ ጥቂቱ እንኳ ወደ ላይኛው ተፋሰስ መመለስ አለበት የሚለውን ሐሳብ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ።

ደንቡ በተግባር ምን ይመስላል? በአንድ ትንሽ ተፋሰስ ውስጥ ያሉ የላይና የታች ባለይዞታዎች፣ የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ፣ ከተማ ካለ ማዘጋጃ ቤቱ፣ መንገድ ካለ የመንገዱ ባለቤት መሥሪያ ቤት፣ ግንቦት ላይ ተሰብስበው የጋራ መውረጃዎቹን በመሬቱ ላይ እየተራመዱ ያመለክታሉ። እያንዳንዱ ፈሰስ፣ እያንዳንዱ ቱቦ፣ እያንዳንዱ የግቢ መውጫ የትኛው መውረጃ ውስጥ እንደሚገባ ይጻፋል። ወደ መውረጃው ያልተመራ ውኃ መልቀቅ ይከለከላል። አዲስ ቤት፣ አዲስ ኮብልስቶን፣ አዲስ ቱቦ የሚፈቀደው የሚጨምረው ውኃ የት እንደሚሄድ ከታወቀ ብቻ ነው። ትልቅ ጣሪያ ያላቸው ተቋማት፣ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቶቹ፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ፣ ውኃቸውን ሰብስበው በማጠራቀም ቢጀምሩ ለሌላው አርአያ ይሆናሉ፤ የበጋውን የውኃ እጥረታቸውንም ያቃልላሉ።

ዋናው ተቃውሞ ፍትሐዊ ነው። የገበሬው ይዞታ ትንሽ ነው፤ ሁለትና ሦስት ሜትር ስፋት ያለው የሣር መውረጃ በማሳው ውስጥ ይለፍ ሲባል የሚያጣው እህል ነው። ስለዚህ ሸክሙ በአንድ ሰው ላይ መውደቅ የለበትም። መውረጃው የሚያልፍበት ሰው ሣሩ የእሱ ይሁን፤ በከብት መኖ እጥረት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውኃ የሚለቁት ደግሞ በጉልበት ይካሡት፤ ክትሩን ይካቡለት፣ ጠርዙን በድንጋይ ያጠናክሩለት። ከተማው በገንዘብ ይክፈል። በጀርመን ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ነዋሪውን በጣሪያውና በተነጠፈ ግቢው ስፋት ልክ የዝናብ ውኃ ክፍያ ያስከፍሉታል፤ ውኃውን በግቢው ያስቀረ ሰው ይቀነስለታል። በመካነ ሰላም ከትላልቅ ሕንፃዎችና ከነጋዴው ግቢ ቢጀመር የማይቻል አይመስለኝም፤ የተሰበሰበው ብር ከከተማው ቦይ አፍ በታች ላለው መውረጃ ብቻ እንዲውል ከታሰረ ከፋዩም አይከፋውም። ሴፍቲኔት ባለባቸው ወረዳዎች የሕዝብ ሥራው ጉልበት ወደ መውረጃ እንዲዞር ማድረግ ደግሞ አዲስ በጀት አይጠይቅም።

ማስፈጸሙን በተመለከተ የምተማመነው በቅሬው ነው። ወሎ ውስጥ ቅሬ ሰው መቅበር ብቻ አይደለም ሥራው፤ የተከለለ ግጦሽ ውስጥ ከብት የለቀቀን የሚቀጣው፣ የተጣላን ወደ ሽማግሌ የሚልከው፣ ለደቦ የሚጠራው እሱ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በቅሬው ፊት ቃሉን ማጠፍ ይከብደዋል። የቅሬው ውሳኔ ግን የራሱ ወሰን አለው። የመንገድ ሥራ ተቋራጭን፣ ማዘጋጃ ቤትን፣ ከተፋሰሱ ሌላኛው ጫፍ ያለን የሌላ ቀበሌ ሰው ሊቀጣ አይችልም። ስለዚህ ስምምነቱ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ተመዝግቦ፣ መውረጃው በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ከአዋሳኞቹ ጋር መጻፍ አለበት። ደብተር ላይ የተጻፈ ነገር ሲወረስም፣ ሲከራይም ይተላለፋል። የላይኛው ባለመሬት ሞቶ ልጁ ሲረከብ የአባቱን ፈሰስ ብቻ ሳይሆን የአባቱንም ግዴታ ይረከባል።

ከሐምሌ 2015 ወዲህ ክልሉ ያለበት የግጭት ሁኔታ ይህን ሁሉ እንደሚያከብደው አውቃለሁ። ባለሙያው ቀበሌ ወርዶ የማያድርበት፣ ሕዝብ ሰብስቦ ማወያየት የሚያስፈራበት ጊዜ ነው። በብዙ ቦታ የበጋው የተፋሰስ ሥራ ተዳክሟል። ክረምቱ ግን ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም፤ ያልተጠገነ እርከን በየዓመቱ እየተበጠሰ ነው። ከላይ የሚመጣ አመራር በሌለበት ጊዜ የሚቀረው የጎረቤታሞች ውል ነው። ላይኛውና ታችኛው በሽማግሌ ፊት ተስማምተው መውረጃ መወሰን ደግሞ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ደብተር ላይ የሚጻፈው ጽሕፈት ቤቱ በሙሉ እግሩ ሲቆም ሊሆን ይችላል።

ከየት ይጀመር ለሚለው መልሴ ከከተማው የመጨረሻ ቱቦዎች ነው። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ ቦታቸው ይታወቃል፣ ከሥራቸው ያለው ማሳ የማን እንደሆነ ቀበሌው ያውቃል። ማዘጋጃ ቤቱ ከሚቀጥለው ሰኔ በፊት እያንዳንዱን ቱቦ ቆጥሮ፣ ከበታቹ ያለውን ባለይዞታ ጠርቶ፣ ውኃው ማሳውን ሳይነካ እስከ አለታማው መውረጃ የሚደርስበትን መስመር ከእሱ ጋር ሆኖ በችካል ምልክት ያድርግ። ለዚያ መስመር የሚወጣውን ድንጋይና ጉልበት ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ከኮብልስቶኑ በጀት ላይ ቀንሶ ያጽድቅ።